ጥቁሯ ድመትና ጎረቤቶቿ፦ ስለ ልያ ጎልድበርግ የልጆች ድርሰት

በእስራኤል አገር ልጁን ወደ ጋን የላከ ወላጅ ሁሉ ዛሬም ሆነ ነገ ከአንድ መጽሐፍ ጋር መተዋወቁ አይቀርም። መጽሐፉ በዕብራይስጥ «ዲራ ለሀስኪር» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «የሚከራይ ቤት» ማለት ነው። ደራሲዋ ልያ ጎልድበርግ ናቸው። ታሪኩ በመጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1948 «ሚሽማር ሊይላዲም» በተባለው የልጆች ጋዜጣ ላይ ሲሆን (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ እነሆ እስከ ዛሬ ትውልድ እየተቀባበለ ያነበዋል። ልጆች በቃላቸው ይዘውት ከጋን ይመለሳሉ። ዕብራይስጡን እንደ ልብ ማንበብ ላልቻሉ ወላጆች ግን መጽሐፉ የሚደርሳቸው በልጆቻቸው አፍ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለእኛ ቤተሰቦች እንደ ሌሎቹ ገጾች በቀላሉ የማይታለፍ አንድ ገጽ አለ። እርሱም ስለ ጥቁሯ ድመት የሚናገረው ነው። ይህን ገጽ ለልጆቻችን እናንብበው ወይስ እንዝለለው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ ደራሲዋ ማን እንደ ነበሩ፣ ታሪኮቻቸውን ከየት እንደ ቀዱና እንዴት ይጽፉ እንደ ነበር መመልከት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ወደ ገጹ እንመለሳለን።

ቋንቋዋን የመረጠች ልጅ

ልያ ጎልድበርግ በ1911 በከኒግስበርግ ከተማ ተወለዱ። የቤተሰቡ መኖሪያ ግን በሊትዌንያ የምትገኘው ኮቭኖ ነበረች። በቤት የሚነገረው ቋንቋ ሩሲያኛ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡ ወደ ሩሲያ ተሰደደ። በ1919 ወደ አገራቸው ሲመለሱ የጠረፍ ወታደሮች አባታቸውን ኮሚኒስት ነህ ብለው ያዟቸው፤ ለብዙ ቀናትም ልንረሽንህ ነው እያሉ ያወጧቸውና ይመልሷቸው ነበር። አባትየው ከዚያ በኋላ አእምሯቸው ታወከ፤ ጤናቸውም አልተመለሰም። ልጅቱ በዚያን ጊዜ ገና ስምንት ዓመት አካባቢ ነበረች። ጠረፍ ተሻግሮ የመጣና በመንገድ ላይ ወላጁ ሲዋረድ ያየ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ዕብራይስጥን የተማሩት በኮቭኖ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ነው። ከአሥር ዓመታቸው ገደማ ጀምሮ የዕለት ማስታወሻቸውን በዚሁ ቋንቋ ይጽፉ ነበር። ገና በ1926፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ የዕብራይስጥ ደራሲ ለመሆን ቆርጠው መነሣታቸውን ማስታወሻቸው ይመሰክራል። ይህ ማስታወሻ በ2005 በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ወጥቷል። በኋላም በበርሊንና በቦን ተምረው በ1933 የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ያጠኑት ስለ ሳምራውያን የኦሪት ትርጉም ነበር። ያ ዓመት ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን የያዙበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። በ1935 ዓሊያ አድርገው ቴል አቪቭ ገቡ፤ የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፋቸውም በዚያው ዓመት ታተመ። እናታቸው በማግሥቱ ዓመት ተከትለዋቸው መጡና እስከ መጨረሻው አብረው ኖሩ።

እንግዲህ ዛሬ የአገሪቱ ሕፃናት ሁሉ የሚያነበንቡትን ዕብራይስጥ የጻፉት እናታቸው ጡት ባጠቡበት ቋንቋ ሳይሆን በትምህርት ባገኙት ቋንቋ ነው። ይህን የምናነሣው ደራሲዋን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። በልጆቻችን ፊት ዕብራይስጣችን ተሰባበረብን ብለን አንገት ለደፋን ሁሉ የሚናገረው ነገር ስላለው ነው። ቋንቋ በውርስ ብቻ አይገኝም፤ ተመርጦና ተለፍቶበትም የራስ ይሆናል።

ታሪኩ ከደጃፍ ነው

የልያ ጎልድበርግ የልጆች ታሪኮች ከሩቅ የመጡ አይደሉም። በቴል አቪቭ አርኖን በሚባለው መንገድ ይኖሩ ነበር፤ በ1943 ያወጡት የልጆች መጽሐፍ ርእሱ «የአርኖን መንገድ ጓደኞቼ» ይባላል። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን የመንገዱን ልጆች በስማቸውና በጠባያቸው እንደሚያውቅ ጎረቤት ሆነው ጽፈዋል። በ1957 የወጣው «ፕሉቶ የት አለ?» የሚለው መጽሐፋቸውም ስለ አንድ የኪቡጽ መጊዶ ቡችላ የሚያወራ ነው። ቡችላው የሚበላው ሳያጣ ብቸኝነት ይሰለቸውና ዓለምን ሊያይ ይወጣል። ታሪኩ ይኸው ነው። ንጉሥ የለበትም፤ አስማት የለበትም፤ ትልቅ ትምህርትም ከላይ አልተጫነበትም።

ለመሆኑ ያ ሁሉ መከራ የት ሄደ? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መከራውን ያስቀመጡት ለአዋቂዎች በጻፉት ውስጥ ነው። በ1946 የታተመው ልብ ወለዳቸው የአባት የአእምሮ ሕመም በቤተሰብ ላይ የሚጥለውን ፍርሃት ይተርካል። ስለ ጥድ ዛፍ የጻፉት ታዋቂ ግጥማቸው ደግሞ የሁለት አገር ሰው የመሆንን ሕመም ያነሣል። ለልጆች ሲጽፉ ግን የራሳቸውን ሸክም በሕፃን ትከሻ ላይ አላወረዱም። ይህ ማለት ግን መከራቸው በልጆች መጻሕፍታቸው ውስጥ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ወደ ሚከራየው ቤት ስንደርስ እንደምናየው፣ ከሥር ሆኖ ቤቱን የሚሸከመው እርሱ ነው።

በየሳምንቱ የሚጻፍ

ደራሲ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየን ብቻውን ተቀምጦ መንፈስ እስኪወርድለት የሚጠብቅ ሰው ነው። የልያ ጎልድበርግ ሥራ እንዲህ አልነበረም። ጋዜጣ በየሳምንቱ ይወጣል፤ ገጹም መሞላት አለበት። «ዳቫር ሊይላዲም» በተባለው የልጆች ጋዜጣ ላይ ሠዓሊው አሪየ ናቮን ሲሥል እርሳቸው ከሥዕሉ በታች ግጥም ይጽፉ ነበር፤ «ኡሪ ካዱሪ» የተባለው ዝነኛ የሥዕል ታሪክ የተወለደው ከዚህ ሽርክና ነው። ቀጥሎም በ«ሲፍሪያት ፖዓሊም» ማተሚያ ቤት የልጆች መጻሕፍት አዘጋጅ ሆነው የሌሎችን ጽሑፍ አርመዋል። የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» ወደ ዕብራይስጥ የተረጎሙት፣ ከ1954 ጀምሮም በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት እኚሁ ሴት ናቸው። ለትልቁና ለትንሹ አንባቢ ሁለት ዓይነት ጥንቃቄ አልነበራቸውም። ስለ ልጆች ሥነ ጽሑፍ የጻፏቸው መጣጥፎችም ከሞታቸው በኋላ በ1977 በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበዋል።

ከሥዕል በታች በየሳምንቱ መጻፍ አንድ ነገር ያስተምራል፤ እርሱም ቁጥብነት ነው። ሥዕሉ የሚያሳየውን ቃል አይደግመውም። ሁለተኛው መሣሪያቸው ድግግሞሽ ነው። በ«የሚከራይ ቤት» ውስጥ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ክፍሎቹ፣ ወጥ ቤቱ፣ መተላለፊያው ደስ አሰኙህ ወይ? ጥያቄው ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሕፃኑ ከአንባቢው ቀድሞ ይናገረዋል። ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የመለሰ፣ ጅብና ጦጣ በተመላለሱ ቁጥር አዝማቹን አብሮ ያለ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል። ልዩነቱ በእኛ ተረት ብዙ ጊዜ ብልጡ ሞኙን አታልሎ ማሸነፉ ነው። በልያ ጎልድበርግ ታሪክ ውስጥ ግን ማንም ማንንም አያታልልም። ሁሉም የልቡን ይናገራል፤ አድማጩም ይመዝናል።

አምስቱ ፎቆች

ታሪኩን ላላነበቡት በአጭሩ እንንገራቸው። በመልካም ሸለቆ ውስጥ ባለ አምስት ፎቅ ግንብ አለ። በመጀመሪያው ፎቅ ዶሮ፣ በሁለተኛው ኩኩ የተባለችው ወፍ፣ በሦስተኛው ጥቁር ድመት፣ በአራተኛው ሽኮኮ፣ በአምስተኛው ደግሞ አቶ አይጥ ይኖሩበት ነበር። አቶ አይጥ አንድ ቀን ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ፤ ወዴትና ለምን እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም። ጎረቤቶቹ የሚከራይ ቤት አለ ብለው ማስታወቂያ ሰቀሉ። እንግዶች እየመጡ ቤቱን ያያሉ፤ ቤቱ ደስ ይላቸዋል፤ ጎረቤቶቹ ግን ደስ አይሏቸውም። ጉንዳን ዶሮዋን ሰነፍ ናት አለች። ጥንቸል ኩኩን ልጆቿን የምትጥል እናት ናት ብላ ነቀፈቻት። ዐሣማው እኔ ነጭ ሆኜ ከጥቁር ድመት ጋር በአንድ ቤት አልኖርም አለ። ዛሚር የተባለው ዘማሪ ወፍ ደግሞ የሽኮኮዋ የለውዝ ስበራ ጆሮ ይነሣል አለ። በመጨረሻ ርግብ መጣች። ክፍሎቹ ጠባብ መሆናቸውን አልሸሸገችም፤ ነገር ግን ጎረቤቶቹ መልካም ናቸውና እኖራለሁ አለች።

ታሪኩ የመቻቻል ትምህርት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገርለታል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ አነጋገር የደራሲዋን ትልቅ ብልሃት ይሸፍንብናል። በጥሞና ለተመለከተው፣ አራቱ ነቃፊዎች እኩል አይታዩም። ጉንዳን፣ ጥንቸልና ዛሚር የሚነቅፉት ሥራን ነው። ስንፍና ሥራ ነው፤ ልጅን መጣልም ሥራ ነው፤ ጩኸትም ሥራ ነው። ኩኩ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ የምትጥል መሆኗ ደግሞ ሐሰት አይደለም። እነዚህ ሦስቱ የመሰላቸውን ተናግረው በራሳቸው ፈቃድ ይሄዳሉ፤ ማንም አያባርራቸውም። ዐሣማው ግን ሥራን አልነቀፈም፤ የተወለደችበትን መልክ ነቀፈ። ጎረቤቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተነሥተው ከዚህ ሂድ ያሉት እርሱን ብቻ ነው።

የዚህን ልዩነት ትርጉም ደራሲዋ በአንድም ቃል አላብራሩም። ሦስቱ በራሳቸው ሄዱ፤ አንዱ ተባረረ፤ በቃ። ሰው በሥራው ቢወቀስ ይሰማል፤ በመልኩ ቢናቅ ግን የተናቀው ሰው ብቻ ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ይነሣል። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይህን በምክር መልክ ቢሰማው ይረሳዋል፤ በታሪኩ አካሄድ ሲያየው ግን አይለቀውም።

ይህ የተጻፈው መቼ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። በ1933 ጀርመንን የለቀቁት ደራሲ፣ ያደጉባት የኮቭኖ ማኅበረሰብ ከ1941 ጀምሮ እንደ ተጨፈጨፈ ያውቁ ነበር። ታሪኩ የወጣው ከዚያ ዕልቂት ማብቂያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ አገሪቱም በጦርነት ላይ ሳለች ነው። ቀደም ሲል በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ ገጣሚ የጦር ግጥም መጻፍ አለበት የሚለውን አስተሳሰብ ተቃውመው ጽፈው ነበር። በ1948ም ለልጆች የሰጡት የጦር ታሪክ ሳይሆን ደረጃ የሚጋሩ ጎረቤቶችን ታሪክ ነው። ከላይ መከራው ከሥር ሆኖ ቤቱን ይሸከማል ያልነው ስለዚህ ነው።

ስለ አንዲት ቃል

ድመቷ በዕብራይስጡ መጽሐፍ የተጠራችው «ኩሺት» ተብላ ነው። ኩሽ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው ስም ነው፤ የሙሴ ሚስት ኩሻዊት እንደ ነበረች በኦሪት ዘኁልቁ ተጽፏል፤ የአማርኛውም መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ስም ኢትዮጵያዊት ብሎ ተርጉሞታል። ደራሲዋ በጻፉበት ዘመን ቃሉ በዕብራይስጥ የመልክን ጥቁረት ለመግለጽ ያገለግል ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ በመንገድና በትምህርት ቤት ግቢ ለስድብ የሚወረወር ሆኗል። ከብዙ ልጆች መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ የእኛ ልጆች በሆኑበት ጋን ውስጥ ይህ ገጽ ሲነበብ ዓይን ሁሉ ወዴት እንደሚዞር ለመገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ገጹ ይዘለል የሚሉ ሰዎች የልጁን ልብ ለመጠበቅ ነውና አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ገጹ ቢዘለል የሚጠፋው ስድቡ ሳይሆን መልሱ ነው። ልጁ ስድቡን በመንገድ ላይ መስማቱ አይቀርም፤ ጎረቤት ሁሉ ተነሥቶ ተሳዳቢውን ሲያባርር የሚያየው ግን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ደግሞም ድመቷ ገና ስትተዋወቀን ተራኪው የሚነግረን ንጹሕና ያማረባት፣ ባንገቷም ሪባን ያሰረች መሆኗን ነው። በተራኪው አፍ ጥቁረቷ ከውበቷ ጋር አብሮ ተነገረ፤ በዐሣማው አፍ ግን ነውር ሆነ። ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ የተናጋሪው ልብ ለየው። ይህን ለልጅ ማስረዳት ይቻላል፤ ያስፈልጋልም። አንባቢው፣ ጋኔኔትም ትሁን ወላጅ፣ ቃሉ በዛሬው ቋንቋ እንደሚያቆስል ዐውቆ «ጥቁር» በሚለው ቃል ቢተካውም ታሪኩ አንዳች አይጎድልበትም።

የጎደለው

መጽሐፉ እንከን የለሽ ነው ማለት ግን አይደለም። ሦስት ነገሮችን እንጠቁም።

አንደኛ፣ የመልክ ንቀት የተነገረው በዐሣማ አፍ መሆኑ ነገሩን ከመጠን በላይ ያቀለዋል። ለአይሁዳዊ ሕፃን ዐሣማ ከኦሪት ጀምሮ ርኩስ ነው፤ ገና አፉን ሳይከፍት ተፈርዶበታል። በኑሮ የምናገኘው ተናጋሪ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ለባሽ፣ ሰላምታው ለስላሳ የሆነ ጎረቤት ነው። ልጁ ዐሣማውን በመልኩ ሳይሆን በቃሉ እንዲያውቀው ወላጅ ሊያግዘው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ድመቷ ለራሷ ስትናገር አንሰማም። ጎረቤቶቿ መቆማቸው መልካም ነው፤ የተበደለ ሰው ብቻውን መከራከር የለበትም። ሆኖም የእኛ ልጆች ሌላ ሰው እስኪናገርላቸው ብቻ እንዲጠብቁ አንሻም።

ሦስተኛ፣ ርግቢቱ ቶሎ መጣች። አምስተኛው እንግዳ ላይ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። እውነተኛው ቤት ብዙ ዐሣማ ሳያይ ርግብ ላያይ ይችላል።

ይህን የምንለው ከባዶ ሜዳ ተነሥተን አይደለም። በጥር 2012 በኪርያት መላኺ ከተማ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያ ተወላጆች ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዜና በቴሌቪዥን ተላልፎ፣ በከተማዋም በኢየሩሳሌምም ብዙ ሕዝብ ለተቃውሞ ሰልፍ ወጥቷል። ነገሩ ከመጽሐፉ ጋር ሲተያይ ያስገርማል። በመጽሐፉ ውስጥ ጥቁሯ ነዋሪ ናት፤ ንቀት ይዞ የመጣው ከውጭ ነው፤ በሩን የዘጉበትም ነዋሪዎቹ ናቸው። በዜናው ግን በሩን ዘጉ የተባሉት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። መጽሐፉን በልጅነታቸው በጋን ሳይሰሙ አልቀሩም። እንግዲያስ መልካም መጽሐፍ ብቻውን ሰውን አይለውጥም ማለት ነው። የሚለውጠው አንባቢው ገጹን ካነበበ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

ለወላጆች

ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ እናትና አባት ከዚህ መጽሐፍ ውጭ ናቸው ማለት አይደለም። ታሪኩ ሥዕሉን እያሳዩ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሊተረት ይችላል፤ የተሠራው በድግግሞሽ ነውና የእኛ የተረት አነጋገር ይስማማዋል። ከዚያም ልጁን መጠየቅ ነው፤ ጉንዳኗን ለምን አላባረሯትም? ዐሣማውን ለምን አባረሩት? ድመቷ ብትናገር ምን ትል ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ልጁ ራሱ ይመልሰው።

ልያ ጎልድበርግ በጥር 1970 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። በዚያው ዓመት የተሰጣቸውን የእስራኤል ሽልማት የተቀበሉት እናታቸው ናቸው። ከ2017 ጀምሮ ምስላቸው በመቶ ሸቀል ኖት ላይ ታትሟል፤ በየቀኑ በእጃችን ይዘነው እንውላለን። ለእኛ ግን ከገንዘቡ ላይ ምስል ይልቅ የሚጠቅመን አሠራራቸው ነው። እርሳቸው በስደት የመጣ ሰው ዓይን ደጃፋቸውን ተመልክተው፣ ጎረቤታቸውን በስሙ ጠርተው፣ በየሳምንቱ ጻፉ። የእኛም ሽማግሌዎችና እናቶች በየካራቫኑና በየመርከዝ ክሊታው ያሳለፉት ኑሮ፣ በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ይነግሩት የነበረው ተረት፣ ጸሐፊ የሚጠብቅ ነው። በአምስተኛው ፎቅ ማን እንደ ገባ ልያ ጎልድበርግ ነግረውናል። በሦስተኛው ፎቅ ስለምትኖረው የሚጽፍ ግን ከእኛ ቤት ቢወጣ ይሻላል።